የዐፀዱን ሕክምና ማን ይከፍል ነበር?



ከጥቂት ሳምንታት በፊት ከሙያ ባልደረቦቼ ጋር ቡና ስንጠጣ፣ አንድ ወዳጃችን ከባሕር ማዶ ስብሰባ ይዞት የመጣውን ሐሳብ አጫወተን። ሐሳቡ በተፈጥሮ አማካይነት የሚሰጥ የአእምሮ ሕክምና ነው። ጭንቀት ወይም ድባቴ የያዘውን ሰው ሐኪሙ ክኒን ጽፎለት ብቻ አይሸኘውም፤ ከሌሎች ጋር ሆኖ ወደ ደን፣ ወደ አትክልት ቦታ ወይም ወደ ወንዝ ዳር እንዲሄድ ያዝለታል። የጃፓን የደን መሥሪያ ቤት እ.ኤ.አ. በ1982 «ሺንሪን ዮኩ» የሚል ስም አውጥቶለታል፤ በደን አየር መታጠብ እንደ ማለት ነው። እንግሊዞችም እ.ኤ.አ. ከ2021 ጀምሮ በሰባት አካባቢዎች በመንግሥት ገንዘብ ሞክረውታል። ወዳጃችን ወሬውን ሲጨርስ «ለእኛ አገር ግን ቅንጦት ነው» አለ። ከጎኑ የተቀመጠው ባልደረባችን ተቆጣ። «ምን ቅንጦት አለው! አባቶቻችን በየደብሩ ዐፀድና በየጠበሉ በነፃ ሲፈወሱበት የኖሩት ነገር አይደለም ወይ?» ሲል መለሰለት።

ይህ ጸሐፊ ከሁለቱም ጋር አይስማማም።

ቅንጦት ነው የሚለው ሰው በዘመናችን ከሚያየው ተነሥቶ ቢፈርድ አልወቅሰውም። በዋና ከተማችን ዛፍ ሥር መቀመጥ የቲኬት ጉዳይ እየሆነ መጥቷል። በ2012 ዓ.ም. መስከረም በታላቁ ቤተ መንግሥት ግቢ አንድነት ፓርክ ሲከፈት የመደበኛ ጎብኚ መግቢያ 200 ብር ነበር። በዚያን ጊዜ 200 ብር ለአንድ የቀን ሠራተኛ ምን ማለት እንደ ነበር ለአንባቢ መንገር አያሻም። ነገር ግን የፓርኩን ዋጋ አይቶ ተፈጥሮ ውድ ናት ማለት፣ የታሸገ ውኃ ዋጋ አይቶ ዝናብ ውድ ነው እንደ ማለት ነው። በነፃ ነበር የሚለው ሁለተኛው ወዳጄ ደግሞ የባሰ ስሕተት ላይ ወድቋል ባይ ነኝ። ነፃ አልነበረም። ከፋዩ ሌላ ሰው ስለ ነበር ነፃ መሰለን እንጂ። ማን ይከፍል እንደ ነበር ካላወቅን ደግሞ ዛሬ ማን ይክፈል ለሚለው ጥያቄ መልስ አናገኝለትም።

ነገሬን ከትውልድ ቀዬ ልጀምር። አምበር ከደጀን ወደ ደብረ ማርቆስ በሚወስደው አውራ ጎዳና ላይ የምትገኝ የምሥራቅ ጎጃም ከተማ ናት፤ ዛሬ የአነደድ ወረዳ መቀመጫ ሆናለች። በልጅነቴ ግን ከተማ ለመባል የሚያበቃት ገበያዋና የሚያልፉት አውቶቡሶች ነበሩ። በ1980 ዓ.ም. ገደማ፣ እኔ ገና ፊደል ቆጥሬ ስጨርስ፣ በብሔራዊ ውትድርና ወደ ሰሜን የዘመተ አጎቴ ተመለሰ። የተመለሰው ግን አካሉ ብቻ ነበር። ሌሊት ሌሊት ይጮኻል፤ ቀን ቀን ከሰው አይን ይሸሻል፤ በኋላም ጨርቁን ጣለ። መንደሩ እንደ ልማዱ ሦስት ምክንያት ሰጠው፤ ገሚሱ ዛር ነው አለ፣ ገሚሱ መተት ነው አለ፣ የቀረው ደግሞ «ሐሳብ በዝቶበት ነው» አለ። የዛሬው ሐኪም ቢሆን አራተኛ ስም ይሰጠው ነበር።

አያቴ ልጃቸውን ይዘው የሁለት ሰዓት መንገድ በእግር ወደሚያስኬድ አንድ ደብር ሄዱ። የደብሩን ስም አልጠቅስም፤ የጠበልተኞች ገመና ያለበት ስለ ሆነ። እኔም ስንቅ ተሸካሚ ሆኜ ተከተልኩ። ቤተ ክርስቲያኑ በጥድና በወይራ የተከበበ ነው፤ ከዐፀዱ በታች ካለው ገደል ሥር ውኃው ይወርዳል። ሜዳው ሁሉ ታርሶ ራቁቱን በቀረበት አገር ያ ደን ከሩቅ ሲያዩት የጥቁር ደመና ቁራጭ ይመስላል። አያቴ ለአጥማቂው ካህን «አባ፣ ልጄን አደራ» አሉ። ካህኑም «አይዞሽ እናታችን፤ ውኃውም አለ፣ ሰዉም አለ» ብለው መለሱላቸው። ያን ጊዜ ቃሉን ልብ አላልኩትም።

አጎቴ በዚያ ሰባት ወር ኖረ። የሰባት ወሩን ሕይወት በየጊዜው ስንቅ እያደረስኩ ስላየሁት በዝርዝር ልንገራችሁ። ሌሊት በዘጠኝ ሰዓት ይነሣል፤ በብርዱ ገደሉን ወርዶ ይጠመቃል፤ ጸሎት ይሰማል፤ ጾም ከሆነ እስከ ዘጠኝ ሰዓት ቀን እህል አይቀምስም። ይህ ሁሉም ሰው የሚያውቀው ክፍል ነው። ብዙ ሰው ልብ የማይለው የቀኑን ውሎ ነው። የቻለ ጠበልተኛ ሥራ ይሠራል። ለመቅደሱ ውኃ ይቀዳል፤ የወደቀ ጭራሮ ይለቅማል (የቆመ ዛፍ መቁረጥ ውግዘት ነው)፤ የፈረሰውን የድንጋይ ካብ መልሶ ይክባል፤ የአብነት ተማሪዎችን ጎጆ ይከድናል። አጎቴ ካብ ካቢ ሆነ። በጦር ሜዳ ምሽግ ሲቆፍርና ሲክብ የኖረ እጅ ነበረውና አበጅቶ ይሠራው ነበር። ከአራተኛው ወር በኋላ ስሜን ጠርቶ «ጎበዝ፣ ስንቁን ቀንሰህ አምጣ፤ ይተርፋል» ሲለኝ ለአያቴ ሮጬ ሄጄ ነገርኳቸው። እልል አሉ።

ይህን ስጽፍ ግን አንድ ነገር ብደብቅ ታሪክ ጸሐፊ መባሌ ይቅር። አጎቴ የመጀመሪያዎቹን ሦስት ሳምንታት በሰንሰለት ታስሮ ነው ያሳለፈው። የቁርጭምጭሚቱ ጠባሳ እስኪሞት ድረስ አልጠፋም። በዚያው ዘመን ከእርሱ ጎን ታስረው የነበሩ ሁለት ሰዎች ከወር ወር ሳይሻላቸው ኖረዋል፤ አንዱም እዚያው አረፈ። አጎቴን ምን እንደ ረዳው፣ ውኃው ይሁን፣ ጸሎቱ፣ ሥራው፣ የዛፉ ጥላ፣ ወይስ ከጦርነቱ መራቁ ብቻ፣ ማንም በእርግጠኝነት ሊነግረኝ አይችልም። ሊነግረኝ የሚችለው አንድ ነገር ነው፤ ሰባት ወር ሙሉ የበላው እንጀራ ከየት እንደ መጣ። እኛ የምናደርሰው ስንቅ ለሳምንት አይበቃውም ነበር። የቀረው ከሰንበቴ ጽዋ፣ ከተዝካር፣ ከማኅበር ድግስ፣ ከደብሩ አጥቢያ ሰዎች ቤት ይመጣ ነበር። የሚያድርበትን ጎጆ የሠሩት የአጥቢያው ሰዎች በደቦ ነው። ካህኑ ደመወዝ አልጠየቁንም። እንግዲህ ሂሳቡን አስቡት።

የዚህ ሂሳብ ሥር ወደ ኋላ ይሄዳል። ምሥራቅ ጎጃም የታላላቅ አድባራት አገር ነው። መርጡለ ማርያም፣ ደብረ ወርቅ፣ ዲማ ጊዮርጊስ፣ በ18ኛው መቶ ዘመን በእቴጌ ምንትዋብ ልጅ በወለተ እስራኤል የተተከለው ሞጣ ጊዮርጊስ፣ ሁሉም ከቅኔና ከዜማ ትምህርታቸው ጋር ሰፊ መሬት የነበራቸው ናቸው። በቢቸናና በሞጣ አውራጃዎች የነበረውን የመሬት ሥሪት የታሪክ ምሁሩ ሀብታሙ መንግሥቴ ከየአድባራቱ መዛግብት አውጥቶ እ.ኤ.አ. በ2004 በታተመ ሥራው አሳይቶናል። ሪም እየተባለ ለካህናትና ለመኳንንት የተደለደለ መሬት ነበር። መሬቱን የሚያርሱትና ለባለ ሪሙ ግብርና ጉልበት የሚከፍሉት ደግሞ «ዜጋ» ይባሉ ነበር። ዛሬ የአገር ባለቤትነትን የምንገልጽበት ቃል ያን ጊዜ መሬት አልባ ጭሰኛን መጥሪያ መሆኑን ሳነብ፣ ተማሪዎቼ እንደሚሉት፣ ቆም ብዬ አስቤያለሁ።

ለጠበልተኛ ተብሎ በመዝገብ የተቆረጠ መሬት ነበር አልልም። ይህ ጸሐፊ እንደሚረዳው ነገሩ በተዘዋዋሪ ነው። የካህኑና የመምህሩ ቀለብ ከመሬቱ ስለሚወጣ ከበሽተኛ የሚጠብቁት ጥቂት ነበር፤ ደብሩ ድግስ የሚደግስበት እህል ስለ ነበረው የኔ ቢጤውና ሕመምተኛው ከዚያ ይቃመስ ነበር፤ ደኑም የሚጠበቅበት ኀይል ስለ ነበረው አልተመነጠረም። በአንድ ቃል፣ በዐፀዱ ጥላ ሥር የአንዱን ሰው አእምሮ ያሳረፈው የሌላው ሰው ያልተከፈለ ላብ ነበር። ሁለተኛው ወዳጄ «በነፃ» ያለው ይህን ነው። ዜጋው ቢጠየቅ በነፃ ነው የሚል አይመስለኝም።

የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. የገጠር መሬት ሁሉ የሕዝብ ሀብት ሆነ ተብሎ ሲታወጅ ይህ ሥርዓት በአንድ ቀን ወደቀ። ዐዋጁን የሚያወግዝ ጽሑፍ አልጽፍም፤ የጭሰኛ ልጅ የልጅ ልጅ ነኝና ያ ሥርዓት በመውደቁ አላዝንም። የማዝነው በሌላ ነው። አብዮታዊው መንግሥት የደብሩን መሬት ሲወስድ፣ ያ መሬት በተዘዋዋሪ ተሸክሞት የነበረውን ሸክም ማን እንደሚሸከም የጠየቀ አልነበረም። ለቤተ ክርስቲያኑ የቀረለት ቅጽሩና በውስጡ ያሉት ዛፎች ናቸው። ካህኑ እንደ ማንኛውም ገበሬ በገበሬ ማኅበር ድርሻውን ይዞ ማረስ ጀመረ። ሸክሙ ወደ አጥቢያው ምእመን ትከሻ ወረደ። አጎቴን ያበሉት እነዚህ ናቸው፤ ራሳቸው በኮታ እህልና በውትድርና ልጅ መልምሉ ትእዛዝ ተወጥረው ሳለ።

ቀጥሎ የመጣው የ1989 ዓ.ም. የመሬት ሽግሽግ ነው። በጎጃም ይህን የማያስታውስ የእኔ ዘመን ሰው የለም። «ቢሮክራት» እና «የፊውዳል ርዝራዥ» የሚል ስም የተለጠፈበት ገበሬ አራት ጥማድ ብቻ ተትቶለት የቀረው ተወሰደበት፤ ቅሬታውን ይዞ አዲስ አበባ ድረስ የተጓዘም ነበር። ስለ ፍትሐዊነቱ ብዙ ተጽፏል። እኔ ግን የማስታውሰው ከፖለቲካው ክርክር ውጭ የቀረውን ነው። በእኛ ሰፈር የጋራ የነበረው የግጦሽ ዳርቻና ቁጥቋጦ ለየግል ተቆርሶ ታረሰ። ከደብሩ ቅጽር ውጭ የነበረው፣ ጠበልተኛ ቀን ቀን ወጣ ብሎ የሚቀመጥበት፣ የማንም ያልሆነና የሁሉም የሆነ ቦታ ጠፋ። የቀረውን ደግሞ ባሕር ዛፍ ወረሰው። የባሕር ዛፍ ጥላ ጥላ አይደለም፤ ከሥሩ ሣር አይበቅልም።

ደን ሲቀንስ ምን እንደሚቀንስ ለማወቅ ብዙ መራቅ አያስፈልግም። የደን ተመራማሪው ዓለማየሁ ዋሴ በአጎራባቻችን በደቡብ ጎንደር ሃያ ስምንት የቤተ ክርስቲያን ደኖችን መርምሮ 168 የዛፍ፣ የቁጥቋጦና የሐረግ ዓይነቶችን መዝግቧል። ሌላው ሁሉ ታርሶ በእነዚያ ጥቂት ደሴቶች ላይ ነው ይህ ሁሉ የቀረው። ከብት ገብቶ ችግኙን እንዳይበላው በዙሪያቸው ካብ መካብ እንደሚረዳም እርሱና ባልደረቦቹ በተግባር አሳይተዋል። ይህን ባነበብኩ ቁጥር አጎቴ ትዝ ይለኛል። የእርሱ ካብ ለራሱ ሕክምና የነበረውን ያህል ለደኑም ሕክምና ነበር ማለት ነው፤ ማንም እንዲህ ብሎ ባይነግረውም።

እስኪ ደግሞ መንግሥት በምትኩ ምን እንዳቀረበ እንመልከት። በፋሺስት ወረራ ዘመን የተቋቋመው የአዲስ አበባው አማኑኤል ሆስፒታል ለብዙ አሥርተ ዓመታት የአገሪቱ ብቸኛ የአእምሮ ሕክምና ሆስፒታል ሆኖ ኖሯል። በዚያ የሠሩ ሐኪሞችና ነርሶች በዚያ ሁሉ ጫና የሠሩት ሥራ ሊመሰገን ይገባል። እ.ኤ.አ. በ1987 የአእምሮ ሕክምና ነርሶችን ማሠልጠን ተጀመረ፤ በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የስፔሻሊስት ሐኪሞች ሥልጠና የተጀመረው ግን እ.ኤ.አ. በ2003 ነው። ከዚያ በፊት ስፔሻሊስት መሆን የፈለገ ሐኪም ወደ ውጭ መሄድ ነበረበት። ከአምበር አንድን ሕመምተኛ ሁለት አስታማሚ ጨምሮ፣ የዓባይን በረሃ አቋርጦ፣ ከ250 ኪሎ ሜትር በላይ ተጉዞ ማድረስ ምን ይጠይቅ እንደ ነበር እናውቃለን። ጎረቤቶቻችን አንድ በሬ ሸጠው ሄደው፣ ለቀጠሮው ሁለተኛውን በሬ መሸጥ አቅቷቸው ቀርተዋል። መድኃኒቱ ራሱ ርካሽ ነበር። ውድ የነበረው መንገዱ፣ ማደሪያውና የጠፋው የእርሻ ቀን ነው።

በቡታጅራ እ.ኤ.አ. ከ1990ዎቹ መጨረሻ ጀምሮ ኢትዮጵያውያን ተመራማሪዎች ከ68,000 በላይ ሰዎችን ቤት ለቤት መርምረው ከባድ የአእምሮ ሕመም ያለባቸውን ሲለዩ፣ አብዛኞቹ ዘመናዊ ሕክምና አግኝተው እንደማያውቁ ተረዱ። እነዚህ ሰዎች የት ነበሩ ቢባል፣ በቤታቸው፣ በጎዳና እና በጠበል ናቸው። የሆላንዱ የአእምሮ ሐኪም ሮበርት ጊል ከባልደረቦቹ ጋር ግዮን (ወሊሶ) ድረስ ሄዶ የአጥማቂ ካህን አገልግሎትን አጥንቶ እ.ኤ.አ. በ1968 ሲያሳትም፣ ሕዝቡ ወዴት እንደሚሄድ አስቀድሞ አመልክቶ ነበር። ይሁን እንጂ በሁለቱ ወገኖች መካከል የነበረው ንቀት ለረጅም ጊዜ አልተነሣም። ሐኪሙ ካህኑን ኋላ ቀር ይለዋል፤ ካህኑ ሐኪሙን እምነት የለሽ ይለዋል፤ በመካከል ሕመምተኛው «ክኒን ከጀመርክ ጠበል ተው» ወይም «ጠበል ከገባህ ክኒን ጣል» ይባላል።

በሌላው ዓለም ይህን ቋጠሮ የፈቱ አሉ። የቤልጅግ ከተማ ጌል ከመካከለኛው ዘመን ጀምሮ በቅድስት ዲምፍና ስም ወደ ቤተ ክርስቲያኗ የሚመጡ የአእምሮ ሕሙማንን ስትቀበል ኖራለች። የከተማው ገበሬዎች ሕሙማኑን በቤታቸው አሳድረው እርሻ አብረዋቸው እንዲሠሩ ያደርጉ ነበር። በኋላ መንግሥት ገባበት፤ ሕሙማኑን ግን ከገበሬው ቤት አላስወጣቸውም፤ ሐኪም መደበላቸው፣ ለአሳዳሪው ቤተሰብም ድጎማ ከፈለ። እ.ኤ.አ. በ1938 ከ3,700 በላይ ሕሙማን በዚያች ከተማ ቤቶች ይኖሩ ነበር። ወደ እኛ ቀረብ ስንል ናይጄሪያዊው ሐኪም ቶማስ አዴዮየ ላምቦ እ.ኤ.አ. በ1954 በአቤኦኩታ አቅራቢያ በአሮ የጀመረው ሥራ አለ። ሕመምተኛው ከአንድ ዘመዱ ጋር በሆስፒታሉ ዙሪያ ባሉ መንደሮች ይከራያል፤ ቀን ይታከማል፤ የሚችለውን ያህል ከመንደሩ ገበሬ ጋር ያርሳል፤ ባህላዊ ፈዋሾችም ከሐኪሞቹ ጋር ይመካከራሉ። ከአዲስ ሆስፒታል ግንባታ እጅግ የረከሰ ነበር። ሁለቱም ቦታዎች የተረዱት፣ ወጪው ያለው በሚያሳድረውና በሚያበላው ቤተሰብ ላይ መሆኑን ነው፤ ስለዚህም የሚያሳድረውን ደገፉ።

የዚምባብዌው ሐኪም ዲክሰን ቺባንዳ ደግሞ እ.ኤ.አ. በ2006 በሐራሬ ምባሬ ሰፈር በጤና ጣቢያው ውስጥ ክፍል ሲከለከል፣ በግቢው ካሉት ዛፎች ሥር አግዳሚ ወንበር አስቀምጦ አሥራ አራት አሮጊቶችን አሠለጠነ። አሮጊቶቹ «ማሰብ አብዝቷል» የተባለውን ሰው ዛፍ ሥር አስቀምጠው ያዋዩታል። እ.ኤ.አ. በ2016 የታተመው ጥናት ዘዴው በርግጥ እንደሚሠራ አረጋግጧል። «ሐሳብ በዝቶበት ነው» ይሉ የነበሩት የአምበር ሰዎች ይህን ቢሰሙ የሚገርማቸው አይመስለኝም።

እኛም ሙከራ የለንም ማለት ግፍ ነው። በ1999 ዓ.ም. በእንጦጦ ጠበል የነበሩ የኤች አይ ቪ ሕሙማን ነገር መነጋገሪያ በሆነበት ጊዜ፣ ፓትርያርኩ አቡነ ጳውሎስ መድኃኒቱንና ጠበሉን አንድ ላይ መውሰድ እንደሚቻል በይፋ ተናግረዋል። በዚያው ተራራ፣ በእንጦጦ ማርያም፣ የዩኒቨርሲቲ የአእምሮ ሐኪሞችና የጠበሉ አገልጋዮች ተቀናጅተው ሕሙማንን መርዳታቸው እ.ኤ.አ. በ2021 በእንግሊዝ የሥነ አእምሮ መጽሔት ታትሟል። እ.ኤ.አ. በ2022 የታተመ ሌላ ጥናት ደግሞ በገጠር ጤና ጣቢያ ያሉ የሠለጠኑ ጤና ባለሙያዎች ከባድ የአእምሮ ሕመም ያለባቸውን ሰዎች ሲከታተሉ፣ ውጤቱ በሆስፒታል የአእምሮ ነርስ ከሚደረግ ክትትል እንደማያንስ አሳየ። በሶዶ ወረዳም ሕክምናው ወደ ጤና ጣቢያ ሲደርስ በቤታቸው በሰንሰለት የሚታሰሩ ሰዎች ቁጥር ቀንሷል፤ ቤተሰብ የሚያስረው ሌላ መንገድ በማጣት እንጂ በጭካኔ እንዳልሆነም የዚያው አካባቢ ጥናቶች መስክረዋል። አያቴን ሳስብ ይህ እውነት መሆኑን አውቃለሁ።

ጥያቄው ለጎጃም የቅንጦት ክርክር አይደለም። በሐምሌ 2015 ዓ.ም. መጨረሻ በአማራ ክልል የታወጀው የአስቸኳይ ጊዜ ዐዋጅ እስከ ግንቦት 2016 ዓ.ም. ቆየ፤ ዐዋጁ ካበቃም በኋላ ውጊያው ቀጠለ። በየቀዬው ልጁ የሞተበት፣ ቤቱ የተቃጠለበት፣ ተኩስ ሲሰማ የሚንቀጠቀጥ ሕፃን ያለበት ቤት ስንት እንደ ሆነ የቆጠረ የለም። የአጎቴ ዓይነት ሰው በአንድ መንደር አንድ የነበረበት ዘመን አልፏል። መንገድ ሲዘጋ አዲስ አበባ ቀርቶ ደብረ ማርቆስም ሩቅ ነው። በእግር የሚደረስበት ደብሩና ጤና ጣቢያው ብቻ ነው።

በቅርቡ አንድ የአካባቢዬን ካህን በስልክ አግኝቼ ስለ ጠበሉ ጠየቅኋቸው። «ሰዉ እየበዛ ነው» አሉኝ። ምን ጎደለ ብላቸው «ውኃውም ዛፉም አለ፤ የሚያበላ ነው የታጣ» አሉ። ከሦስት ቀን በላይ የሚቆይ ስንቅ ይዞ የሚመጣ ጥቂት ነው፤ የአጥቢያው ሰውም ራሱ የሚበላው ቸግሮታል፤ ሰንበቴውም እንደ ድሮው አይሞላም። ክኒን ጀምሮ የነበረ ሰው ጤና ጣቢያው ሲያልቅበት ያቋርጣል።

ስለዚህ በተፈጥሮ የሚደረግ ሕክምናን ለሕዝብ እናዳርስ የሚል የመንግሥት ሹም ወይም የረድኤት ድርጅት ካለ፣ በበኩሌ አዲስ ፓርክ አልጠይቀውም። በየዓመቱ በብዙ ሚሊዮን ተተከለ የሚባለውን ችግኝ ቁጥርም አልጠይቀውም። የምጠይቀው ይህን ነው። ከ2003 ዓ.ም. ጀምሮ በአሥራ ሦስት ወረዳዎች ተሞክሮ የተስፋፋው የማኅበረሰብ አቀፍ ጤና መድን፣ ለሕመምተኛውና ለአንድ አስታማሚ የወራት ቀለብ የሚሸፍንበት መንገድ ይፈለግ፤ ጌል ለአሳዳሪው እንደ ከፈለችው ማለት ነው። የጤና ጣቢያው ነርስ በሳምንት አንድ ቀን ከነመድኃኒቱ ወደ ጠበሉ ይውጣ፤ ካህኑም ክኒን አታቋርጥ ብሎ ያስተምር። ሰንሰለት ይቅር፤ ሰንሰለት ሊቀር የሚችለው ግን መድኃኒቱና የሚጠብቅ ሰው ሲኖር ብቻ መሆኑ ይታወቅ። የተሻለው ሰው በካብ ሥራ፣ በችግኝ ጥበቃ፣ በአትክልት ሲሰማራ የቀን ዋጋ ይከፈለው። አለበለዚያ የዜጋውን ታሪክ በሕሙማን ላይ እንደግማለን።

አንድ ከባድ ነገር ግን አለ፤ ዘልዬው ብሄድ ደስ ባለኝ ነበር። ይህ ሁሉ በደብር ዐፀድ ብቻ ከታጠረ ሙስሊሙ ጎረቤታችን የት ይሂድ? በጠበል ሙስሊም አይገባም ማለቴ አይደለም፤ በልጅነቴም ሲገቡ አይቻለሁ። ነገር ግን በታኅሣሥ 2012 ዓ.ም. በሞጣ መስጊዶች ሲቃጠሉ ያየ ሰው፣ ሁሉም በአንድ ዛፍ ሥር ያለ ፍርሃት ይቀመጣል ብሎ በድፍረት ሊጽፍ አይችልም። ስለዚህ የማንም ያልሆነና የሁሉም የሆነ ዛፍ ያስፈልጋል። በየጤና ጣቢያው ግቢ ባሕር ዛፍ ሳይሆን ዋንዛና ብሳና ተተክሎ፣ ከሥሩ አግዳሚ ወንበር ተደርጎ፣ እንደ ምባሬዎቹ አሮጊቶች ያሉ የክርስቲያንም የሙስሊምም እናቶች ሠልጥነው ቢቀመጡበት ወጪው ብዙ አይደለም። በአምበር የገበያ ቀን ከየገጠሩ የሚመጣው ሰው በዚያ ያልፋል።

አጎቴ በ1996 ዓ.ም. አረፈ። ከጠበሉ ከወጣ በኋላ ሁለት ጊዜ ተመልሶበት ሁለት ጊዜም ወደዚያው ደብር ሄዷል፤ በመካከሉ አግብቶ ሦስት ልጆች አፍርቷል። ክኒን አንድም ቀን ሳያይ ነው የሞተው። በቅጽሩ በስተ ምሥራቅ ያለው ካብ የእርሱ ነው፤ ባለፈው ስጠይቅ ሁለት ክንድ ያህል ፈርሶ ፍየል እየገባበት ነው ብለውኛል።

ቸር ይግጠመን።